«ሊኩዊድ» የምትባል ቃል ሦስት ሳምንት ፈጀችብኝ

ሰላም ጓዶች። በሳምንት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እይዛለሁ ብዬ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ደንቤ ቀላል ነው። ቃሏን ደብተር ላይ አሰፍራለሁ፣ ማታ ሱቅ ከዘጋን በኋላ 40 ደቂቃ እቀመጥባታለሁ፣ እሁድ ደግሞ አንድ ሰው ይዤ በአማርኛ አስረዳለሁ። ማስረዳት ካቃተኝ አላወቅኳትም ማለት ነው። እስካሁን ሸጋ ነበር። «ሊኩዊድ»፣ ያቺ ፈሳሽ የምትለዋ፣ ስትመጣ ደንቡ ፈረሰ።

የመረጥኳትም እኔ አይደለሁም፣ አጎቴ ነው ያመጣብኝ። ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ ሱቅ አለው፣ ዕቃ ከዱባይ ያስመጣል። አንድ ቀን ስልኩን ዘርግቶ «ና እስቲ፣ እንግሊዝኛ ተማርኩ ትል የለ፣ ይቺን አንብብልኝ» አለኝ። ዕቃ ላኪው «የሊኩዊዲቲ ችግር ስላጋጠመን ጭነቱ ይዘገያል» ብሎ ጽፏል። እኔም ሳላመነታ «ዕቃው ውሃ ገብቶበታል» አልኩት። ሰውዬው ክው አለ። ወዲያው ደወለ፣ ግማሹን በዓረብኛ ግማሹን በእጁ ተጨቃጨቀ፣ ከዚያ ስልኩን ዘግቶ ዞሮ አየኝ። ለካ ዕቃው ደህና ነው፣ የደረቀው ካዝናቸው ነው። «አቦ አንተ ልጅ፣ ልትገድለኝ ነው እንዴ!»

እፍረቱ ነው ያስጀመረኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ወደ ሳይንስ ደብተር መመለስ ነበር። ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ። እዚህ ላይ የቆየ ቁስል አለኝ። ልጅ ሆኜ መምህሩ የፈሳሽ ምሳሌ ስጡ ሲሉ እጄን አውጥቼ «ጋዝ!» ብዬ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ግን እስቲ ፍረዱኝ፣ እናቴ ለፋኖስ በጠርሙስ ግዛ ብላ የምትልከኝ ጋዝ ፈሳሽ አይደለም? ነው እንጂ! ዛሬ ቢሆን ተከራክሬ እረታቸው ነበር።

ታናሽ ወንድሟ «ፍሉይድ» ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ሁለቱንም መዝገበ ቃላቱ «ፈሳሽ» ብሎ ይገላገላል፣ ግን አንድ አይደሉም። በፊዚክስ ፍሉይድ ማለት ቅርጹን ሳይዝ የሚፈስ ነገር ሁሉ ነው፣ ስለዚህ አየርም ፍሉይድ ነው። ሊኩዊድ ግን እንደ ውሃና ዘይት ያለው ብቻ። ሊኩዊድ ሁሉ ፍሉይድ ነው፣ ፍሉይድ ሁሉ ግን ሊኩዊድ አይደለም። በእኛ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፦ ጆንያው ሲቀደድ እህሉ «ፈሰሰ» እንላለን፣ እህልን ግን ማንም ፈሳሽ አይለውም። ግሱ ከስሙ ይሰፋል። ይቺን ደብተሬ ላይ ሁለቴ አስምሬባታለሁ።

አጠቃቀሙም ላይ ልዩነት አለ። ሐኪም «ፈሳሽ አብዝተህ ጠጣ» ሲል በእንግሊዝኛ የሚመጣው ፍሉይድ ነው፣ የዕቃ ማጠቢያው ፈሳሽ ሳሙና ግን ሊኩዊድ። የባጃጅ ፍሬን ዘይት የምንለውም ጠርሙሱ ላይ «ብሬክ ፍሉይድ» ነው የሚለው፣ ዘይት የሚል ቃል የለበትም። ይሄ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት የብሬክ ፍሉይድ ዓይነቶች ከማዕድን ዘይት የተሠሩ አይደሉም። «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ የሞተር ዘይት የጨመረበት ሰው የፍሬኑን ላስቲክ ያሳብጠዋል፣ ከዚያ ቁልቁለት ላይ አላህ ይያዘው።

«ፍሉዌንት» የምትለዋም ከፍሉይድ ጋር አንድ ግንድ ናት። በላቲን መፍሰስ ማለት ነው። እኛስ ጎበዝ ተናጋሪ ስንሰማ «ያንቆረቁረዋል» እንል የለ? ከማንቆርቆሪያ የወጣ አይመስልም? (ማንቆርቆሪያ ካነሳን አይቀር፣ የድሬ ውሃ ውስጡ ነጭ ድንጋይ እንደሚተክልበት ታውቃላችሁ። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበትን ውሃ ፈረንጅ «ሃርድ» ይለዋል። ጠጣር ፈሳሽ እንግዲህ!)

ሁለተኛውን ሳምንት ገንዘቡ በላው። እኛ «ጥሬ ገንዘብ» የምንለውን እነሱ ሊኩዊድ ይሉታል። ለእኛ ያልበሰለ፣ ለእነሱ የሚፈስ። ሳቢያን ሰፈር ትልቅ ቤት ያለው ሰው ሀብታም ነው፣ ግን ነገ ጠዋት ብር አምጣ ቢሉት ግድግዳውን ቆርሶ አይሰጥም። ወርቅ ያለው ግን በአንድ ሰዓት ብር ያደርገዋል፣ ሀብቱ ሊኩዊድ ነው። የታገደ ሒሳብን ደግሞ «ፍሮዝን» ይሉታል፣ በረዶ ሆነ እንደማለት። ውሃውን ይዘው እስከ መጨረሻው ሄደዋል።

ያንን ሳምንት ሻይ ቤት ኳስ ሳይ ሌላም አገኘሁ። ኤልሲዲ የምንለው ቲቪ፣ «ኤሏ» ሊኩዊድ ናት! ሊኩዊድ ክሪስታል። እ.ኤ.አ. በ1888 ፍሪድሪክ ራይኒትዘር የሚባል ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከካሮት ባገኘው ንጥረ ነገር ሲሠራ ሁለት ጊዜ የሚቀልጥ ነገር ገጠመው። በ145 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ ይደፈርሳል፣ 178 ገደማ ሲደርስ ይጠራል። በመካከል ያለው ጠጣርም ፈሳሽም ያልሆነው ነገር ነው ከዘመናት በኋላ ለስክሪን የዋለው። ጎል ገብቶ እኔ ስለ ካሮት ሳነብ ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው የተደሰትኩት። «ሊኩዊዴት» ማለት ድርጅት መዝጋት፣ ዕዳና ሀብቱን ለይቶ መጨረስ ነው። መጀመሪያ «ማቅለጥ» መስሎኝ በዚያ በኩል ስገፋ ዋልኩ፣ አልሄደም። ከዚያ የቃሏን ሥር ሳይ፣ በላቲን ፈሳሽ ብቻ ሳይሆን «የጠራ» ማለትም ነው። የእኛ ሕግ ደግሞ ይሄን ሥራ የሚሠራውን ሰው ምን ይለዋል? ሒሳብ አጣሪ! ውሃም ይጣራል፣ ሒሳብም ይጣራል። ማን ከማን እንደወሰደ እንጃ፣ ብቻ ገጠሙ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

እሁድ ለማስረዳት ወደ አጎቴ ሄድኩ። ሳልጀምር ስልኩን ዘረጋልኝ። ከዚያው ከዱባይ፣ አዲስ መልእክት። ድርጅቱ «ሊኩዊዴሽን» ላይ ነው ይላል። በዚህ ጊዜ ተጠንቅቄ አብራራሁለት፣ ዘጉ ማለት ነው፣ ሒሳባቸው እየተጣራ ነው፣ አንተም ወረፋ ትይዛለህ አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ሳቁ መጣ።

«አቦ፣ መጀመሪያስ ልክ ነበርክ። ቀብዴን ውሃ በላው በለኛ!»