እምቢ ያለችው ጂ ሻርፕ

ዛሬ ጠዋት በቴነር ሳክስፎኔ ልምምድ ስጀምር ጂ ሻርፕ የምትባለው ኖታ (ከጂ በግማሽ ድምፅ ከፍ የምትለው) እምቢ አለች። በግራ እጄ ትንሽ ጣት እጫናለሁ፤ ማንሻው ይወርዳል፤ የሚወጣው ድምፅ ግን ያው ጂ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ጥፋቱን በከንፈሬና በትንፋሼ ላይ ስፈልግ ቆየሁ። ሞኝነት!

ኋላ መሣሪያውን ጭኔ ላይ አጋድሜ ማንሻውን እየተጫንኩ የኖታዋን ቀዳዳ የሚዘጋውን ክዳን አየሁት። ንቅንቅ አይልም። የዚህች ቁልፍ ጠባይ ይኸው ነው፤ ማንሻውን ስንጫን ክዳኑን የሚያነሳው ጣታችን ሳይሆን የራሱ ደካማ ስፕሪንግ ነው። ከክዳኑ ሥር ያለው ቆዳ ረጥቦ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር ከተጣበቀ ስፕሪንጉ አቅም ያንሰዋል። ትናንት ማታ ደግሞ ሻይ እየጠጣሁ ነበር የተጫወትኩት። (እናቴ «ስኳር ቀንስ» የምትለኝ ለጤናዬ ብቻ ይመስለኝ ነበር።)

ክዳኑን በጥፍሬ ቀስ አድርጌ ሳነሳው «ጧ» አለ። የቀዳዳው ጠርዝ ላይ ቀለበት የመሰለ ቡናማ እድፍ ነበር። ጠርዙን አልኮል በነካ ጥጥ አጸዳሁ፤ የቆዳውን እርጥበት ግን በስስ ወረቀት ብቻ አስመጠጥኩ። ወረቀቱን ክዳኑ ተጭኖት ሳለ መጎተት ቆዳውን ይልጠዋል፤ ይህን የተማርኩት ከዚህ በፊት አንዱን አበላሽቼ ነው።

ተጫንኩ። ተከፈተች። ጎረቤቴ ግድግዳውን እስኪደበድብ ድረስ ያቺኑ አንዲት ኖታ ስነፋ ቆየሁ።