ድምፅ ማጉያና ደረጃ

ዛሬ ባሕር ዳር በተካሄደ የጎርፍ ዝግጅት ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ ነዋሪው በድምፅ ማጉያ እንደሚጠራና ወደ ትምህርት ቤት ፎቅ እንደሚወጣ ሲብራራ፣ አጠገቤ የተቀመጡት መስማት የተሳናቸው እናት የልጃቸውን እጅ ይከታተሉ ነበር፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ስላልተመደበ ሥራው በልጅቱ ላይ ወድቋል። በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ወጣት «ደረጃውን በምን ልወጣው?» ሲል ጠየቀ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደረጃውን አላሰብኩትም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 11 በአደጋ ጊዜ ሊደረግላቸው የሚገባውን ጥበቃ ቢደነግግም፣ በእጃችን የነበረው ዕቅድ ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ አልነበረውም። በሻይ ዕረፍት ላይ ወጣቱ በሰፈሩ ያለ ረዳት መውጣት የማይችሉትን ሰዎች ስም በደብተሩ ጀርባ ሲመዘግብ አየሁት፤ ዘጠነኛው ላይ ደርሶ ነበር።