እቅፍ ላይ ለጥ፣ አልጋ ላይ ፍጥጥ

ልጃችን 7 ሳምንት አካባቢ እያለች ቀን ቀን የምትተኛው እኔ ላይ ብቻ ነበር። ቀልዴን አይደለም፣ ደረቴ ላይ ለጥ ትላለች፣ አልጋዋ ደግሞ ተነጥፎ ባዶውን ይውላል። ማታ እንደምንም እሺ ትላለች ቀን ግን ወይ ፍንክች። ስልኬ 2 ፐርሰንት ላይ ደርሶ፣ ቻርጀሩ ከእጄ አንድ ክንድ ብቻ ርቆ፣ ሽንቴ ወጥሮኝ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳልነቃነቅ የተቀመጥኩባቸው ቀናት አሉ፣ ወላጅ የሆነ ያውቀዋል።

በየቀኑ የሚሆነው ያው ነው። እሹሩሩ እላታለሁ፣ ዓይኗ ይከደናል፣ እኔም ፈንጂ እንደሚያመክን ሰው ትንፋሼን ውጬ ጎንበስ እላለሁ፣ ጉልበቴ ቋ ይላል (ያ ጉልበት ስንቱን እንቅልፍ አበላሸብኝ!)፣ ፍራሹ ላይ አሳርፋታለሁ፣ እጄን ከአንገቷ ስር ቀስ አድርጌ ሳወጣ ባንና ሁለት እጇን ብትን ታደርጋለች፣ ከዛ ዓይኗ ፍጥጥ። ከዛ ለቅሶ። ከዛ እንደገና ከሀ።

ጥፋቱን ሁሉ አልጋው ላይ ነበር የማላክከው። ፍራሹ ደረቅ ስለሆነ ነው፣ አንሶላው ስለሚቀዘቅዝ ነው ምናምን። አንሶላውን በእጄ እያሸሁ አሙቄ አውቃለሁ። አንዴ እንደውም ወፈር ያለ ለስላሳ ብርድ ልብስ ከስሯ ላንጥፍ ብዬ ባለቤቴ ተቆጣችኝ፣ ልክም ነበረች። የህፃን ፍራሽ ጠንከርና ዝርግ ያለ ነው መሆን ያለበት፣ ትራስም ሆነ ብርድ ልብስ ወይ አሻንጉሊት አልጋው ውስጥ አይገባም፣ ልጁም በጀርባው ነው የሚተኛው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ በጀርባ ማስተኛት በየአገሩ መመከር ከጀመረ ወዲህ በእንቅልፋቸው ድንገት የሚሞቱ ህፃናት ቁጥር በጣም ቀንሷል፣ ስለዚህ እቺን ነገር ለእንቅልፍ ብሎ መደራደር የለም።

ነገሩን የገለጠልኝ አንድ ሌሊት ልጅ ታቅፌ ስልክ ስጎረጉር ያገኘሁት የጃፓን ጥናት ነው። በ2022 የወጣ ነው፣ ሪከን የሚባለው የጃፓን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች 21 ህፃናት ላይ የልብ ምታቸውን እየለኩ እናቶቻቸው ይዘዋቸው ሲሄዱ፣ ሲቀመጡ፣ ሲያስተኟቸው ምን እንደሚሆን አዩ። የገረመኝ ምን መሰላችሁ፣ የልጁ ልብ መፍጠን የሚጀምረው ጀርባው አልጋውን ሲነካ አይደለም፣ ሰውነቱ ከእናቱ ሰውነት መላቀቅ ሲጀምር ነው። እኔ ለሳምንታት ከፍራሹ ጋር ስጣላ ችግሩ ለካ ከፍራሹ በፊት ነበር! ሁለተኛው ነገር ደግሞ፣ ከመውረዳቸው በፊት ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ የተኙት ልጆች የመንቃት እድላቸው ያነሰ ነበር። ምክራቸውም ቀላል ነው፣ የሚያለቅሰውን ልጅ ይዞ 5 ደቂቃ ያህል ሳይቆሙ መራመድ፣ እንቅልፍ ሲወስደው ይዞ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ መቀመጥ፣ ከዛ ማስተኛት።

የእኔ ስህተት እዚችው ይዞ መቀመጥ ላይ ነበር። ዓይኗ ከተከደነ ሩጫ ወደ አልጋ፣ አንድ ደቂቃ እንኳን አልሰጣትም። አራስ ልጅ ደግሞ እንቅልፍ ሲጀምር የሚገባው ቀለል ባለው እንቅልፍ ነው፣ ዓይኑ ከሽፋኑ ስር ይንከባለላል፣ ፈገግ ይላል፣ ይወራጫል፣ ገና ደጃፉ ላይ ነው ማለት ነው። አሁን ሰዓት አላይም፣ እጇን ነው የማየው። ሸሚዜን ጨምድዳ የያዘችው ጣቷ መጀመሪያ ይላላል፣ ከዛ ክንዷን በአንድ ጣት ከፍ አድርጌ ስለቀው ዝልፍልፍ ብሎ ከወደቀ እንሄዳለን፣ ትንሽ እንኳን ከጠነከረ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

ስናወርዳትም ደረቴን ከእሷ ሳልነጥል እስከ አልጋው ድረስ አብሬያት ነው የምጎነበሰው፣ ወገብ ያለው ሰው ይፈልጋል። መጀመሪያ ቂጧ ያርፋል፣ ቀጥሎ ጀርባዋ፣ ጭንቅላቷ መጨረሻ። ጭንቅላቷ ከቀደመ የመውደቅ ስሜት ይሰማትና ያቺ እጅ መበተን ትመጣለች፣ ይሄ መባነን ደግሞ የተፈጥሮ ሪፍሌክስ ነው፣ ሳታስበው በራሱ የሚመጣ የሰውነት ምላሽ ማለት ነው፣ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ካረፈች በኋላ መዳፌ ደረቷ ላይ ይቆያል፣ ሳልጫን፣ ትንፋሿ እስኪረጋ፣ ከዛ ጣት በጣት አነሳዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ክንዷን ከተው የሚጠቀልሉት ጨርቅ ለመባነኑ ጠቅሞን ነበር፣ መገልበጥ ልትሞክር ስትል ግን በዛው ቀን ተውነው፣ ተጠቅልሎ በሆዱ የተገለበጠ ልጅ አደጋ ነው።

እና ደግሞ ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ልጁ ከልክ በላይ ከደከመ ዋጋ የለውም። ደክሟት ቶሎ ትተኛለች ብዬ አቆያት ነበር፣ ጭራሽ በተቃራኒው። በዛ እድሜዋ ከተነሳች አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዓይኗን ታሻለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፣ ያኔ ካልያዝኳት አለቀልኝ።

አንድ ነገር ግን አሁንም ያሳፍረኛል። አልጋዋ ውስጥ እህህ ስትል፣ እግሯን ስትወራጭ ነቃች ብዬ እየዘለልኩ አነሳት ነበር፣ ለካ ልጅቷ ተኝታለች! የአራስ እንቅልፍ ግማሽ ያህሉ እንዲህ በማቃሰትና በመንፈራገጥ የሚያልፍ ነው፣ ዓይናቸውን ሳይቀር ገልጠው የሚከድኑበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እንቅልፏን ሲያቋርጥ የነበረው አልጋውም ፍራሹም ሳይሆን እኔው ነበርኩ። አሁን ስታቃስት እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ በር ላይ ቆሜ አያታለሁ፣ ካለቀሰች እገባለሁ፣ ብዙውን ጊዜ ግን ከንፈሯን ሁለቴ መጥ መጥ አድርጋ ትቀጥላለች።

ሁሌ ይሳካል አልላችሁም። ከአራት ሙከራ አንዱ አሁንም እኔ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ያቺን ቀን ቻርጀሩን አስቀድሜ አቀርባለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለባትም፣ ጥናት አላነበበች፣ ክንድ አልፈተነች፣ ይዛት ትሄድና ባዶ እጇን ትመለሳለች። ምን አድርገሽ ነው ስላት፣ "አስተኛኋት" ነው መልሷ።