ይልካል እንጂ አይቀበልም

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ይህን ምስክርነት ልጽፍ ስንቴ ጀምሬ ስንቴ እንደተውኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እዚያች ሌሊት ላይ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል። ግን ባሕር ላይ ሆኜ ስለት ገብቻለሁ። ካወጣኸኝ እናገራለሁ ብያለሁ። ዮናስም በዓሣው ሆድ ሆኖ "የተሳልሁትንም እከፍላለሁ" ነው ያለው። ስለዚህ ልክፈል።

ከወንድሜ ልጀምር፤ ያለ እሱ ይህ ታሪክ አይገባችሁም።

ታላቅ ወንድሜ ጠላቂ ነበር። የስኩባ (በውኃ ውስጥ መተንፈሻ) ዕቃ እንዴት እንደሚለበስ፣ ከጥልቅ ቀስ ብሎ እንዴት እንደሚወጣ ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረደ፤ የውስጥ ጅረት ወሰደው። ጀልባዋ እሱ በሌለበት ስትዞር መሸ። አምስት ቀን ተፈለገ። አላገኘነውም። እስከ ዛሬም አላገኘነውም።

የሰው ጭንቅላት ባሕር ላይ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ያላየ አያውቅም። ውኃው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ፣ ጥቂት መቶ ሜትር ርቃ ያለች ጀልባ እንኳ ላታይህ ትችላለች። ወንድሜ ፊሽካ ነበረው። ሞተር እየጮኸ ፊሽካ ማን ይሰማል?

እኔ ያን ሳምንት ወለል ላይ ተደፍቼ ጸልያለሁ። ጾሜአለሁ። ሳይገኝ ሲቀር ግን ልቤ ቀጥ አለ። ሳልደብቅ ልናገር፤ እግዚአብሔርን ጠላሁት። "አልሰማህም? ወይስ ሰምተህ ዝም አልክ?" አልኩት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት ከእሱ ጋር ተኳርፌ ኖርኩ። እናቴ ማታ ማታ ስትዘምር በሬን እዘጋ ነበር።

መጥለቅ ግን አልተውኩም። ለምን እንዳልተውኩ ራሴም በደንብ አይገባኝም። ምናልባት ወንድሜ ያለው እዚያ ስለሆነ ይሆናል።

ታናሽ እህቴ ናት አንድ ቀን መዳፍ የምታህል ቢጫ ዕቃ ይዛልኝ የመጣችው። ፒኤልቢ ይሏታል፤ የግል የአደጋ ጊዜ ጠቋሚ ማለት ናት። ስትከፈት በ406 ሜጋኸርዝ ወደ ሳተላይት ትጮኻለች። በየ50 ሰከንዱ ገደማ፣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ብቻ የሚቆይ መልእክት ትልካለች። "እኔ ይህ ቁጥር ያለኝ መሣሪያ ነኝ፣ ያለሁት እዚህ ነው" ትላለች። ለጥልቀት አልተሠራችም። ስለዚህ ጠላቂ የሚይዛት በጎማ ቀለበት በሚታሸግ ጠንካራ መያዣ ውስጥ አድርጎ ነው። እህቴ መያዣውንም ገዝታለች።

"ይህን ሳትይዝ ውኃ ብትገባ እህትህ አይደለሁም" አለችኝ።

ተቀበልኩ። የምዝገባ ቅጹን ግን መሙላት ሰነፍኩ። እያንዳንዷ መሣሪያ 15 አሃዝና ፊደል ያለው መለያ አላት። መለያው የማን እንደሆነ፣ አደጋ ሲደርስ ለማን እንደሚደወል ካልተመዘገበ፣ ፈላጊዎቹ ማን እንደሚጮኽ አያውቁም። ወር ዝም አልኩ። በመጨረሻ እሷው ቁጭ ብላ ሞላችው። የሚደወልለት ሰው በሚለው ላይ የራሷን ስልክ ጻፈች፤ ከሥሩ የእናታችንን። አንቺ ልጅ፣ ጌታ ይባርክሽ። ይህን ስታነቢ እንደምታለቅሺ አውቃለሁ፤ እኔም እያለቀስኩ ነው።

አሁን ወደዚያች ሌሊት።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ገባን፤ እኔና አብሮኝ የሚጠልቅ ጓደኛዬ። እንደተጠበቀው ነበር፣ ውኃው ጠርቶ። ከታች ሳለን ግን ጅረቱ ተለወጠ። ዓለቱ ከመኪና መስኮት እንደሚታይ መንገድ በአጠገባችን መሮጥ ጀመረ። ጓደኛዬ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አሳየኝ፤ እንውጣ ማለቱ ነው። ከውኃ በላይ ብቅ ስንል ጀልባዋ ነጭ ነጥብ ሆናለች።

ጃኬቶቻችንን ነፋን። የወገብ ክብደታችንን ጣልን። ብርቱካናማውን የምልክት ፊኛ ነፍተን አቆምን። ፊሽካ ነፋን። ጮኽን። ነጥቧ ወዲያ ወዲህ ስትል ይታየናል። ትፈልገናለች፤ ግን እንደ ወንድሜ ጊዜ፣ የምትፈልገን ሌላ ቦታ ነው። ሆዴ ተላወሰ።

መሣሪያዋን ወዲያው አልከፈትኩም። "አሁን ያዩናል፣ ሰው ማስጨነቅ ለምን" አልኩ። አንድ ሰዓት ከምናምን እንዲሁ አቃጠልኩ። እባካችሁ፣ የምትጠልቁ ካላችሁ ይህን ስሕተት አትድገሙት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የሚከፈተው።

12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ገባች። ነጥቧም ጠፋች።

12 ሰዓት ከ10 ላይ መያዣውን ፈታሁ። ጣቴ ስለደነዘዘ ክዳኑ አልዞር ብሎኝ በጥርሴ ልይዘው ሞከርኩ። ጓደኛዬ ከሥር ያዘልኝና ተከፈተ። አንቴናው ተጠቅልሎ የታሰረ የብረት ቅጠል ነው፤ ልክ እንደ አናጢ ሜትር። ማሰሪያውን ስለቀው ተፈናጥሮ ቆመ፤ ጉንጬን መታኝ። ቁልፉን ተጫንኩ። ትንሽ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ ማለት ጀመረች።

ያ ብቻ ነው። ድምፅ የለ፣ መልስ የለ። ይህች መሣሪያ ትልካለች እንጂ መልስ አትቀበልም። አሁን አሁን ጥሪው መድረሱን በመብራት የሚያሳውቁ አሉ። መልሱን የሚልኩት ጋሊሊዮ የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ናቸው፤ አገልግሎቱም እ.ኤ.አ. በ2020 ነው የተጀመረው። የኔዋ ግን እንደዚያ አልነበረችም። ብልጭ ትላለች፤ የሰማት ይኑር አይኑር አትነግርህም።

እኔ ደግሞ ይህን ዓይነት ዝምታ አውቀዋለሁ። ሦስት ዓመት የተኳረፍኩት ከዚህ ዝምታ ጋር ነው።

ጨለመ። ጨለማው ድቅድቅ ነበር፤ የገዛ እጄን የማየው በእሷ ብልጭታ ብቻ ነው። ጃኬቶቻችንን አያያዝን፣ ጉልበታችንን ወደ ደረታችን ሰበሰብን። ውኃው ሲገቡበት ለብ ያለ ነበር። ግን ውኃ የሰውን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ነው የሚወስደው። 1 ሰዓት ሲሆን ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። 2 ሰዓት ሲሆን ቃል በትክክል አልወጣልኝ አለ።

መሣሪያዋ ደግሞ መያዝ አለባት። አንቴናው ከውኃ በላይ ቀጥ ብሎ ሰማይን ማየት አለበት። ቦታችንን ከሳተላይት የምታነብበትን ጎን በእጅ መሸፈን የለብህም። ይህ በወሬ ቀላል ነው። ክንድህን ሽቅብ አድርገህ፣ ማዕበል እየመታህ፣ አሥር ደቂቃ ያዝ እስቲ። ትከሻዬ ተቃጠለ። ሁለቴ እጄ ወደቀና ውኃ ዋጣት። ሁለቴም የሞትን መሰለኝ።

ያኔ ፈነዳሁ። ወደ ሰማይ ጮኽኩ። "ወንድሜን ወሰድክ፣ አሁን ደግሞ እኔን! ለእናቴ ማንን ልትተውላት ነው?" አልኩ። ከዚህ የባሰም ተናግሬአለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም። እሱ ይቅር ብሎኛል።

ጓደኛዬ ጸሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ መሣሪያዋን ከእጄ ወሰደና "አንተ ጸልይ፤ እኔ እይዛለሁ" አለኝ።

ወገኖቼ፣ ሙሴ ትዝ አለኝ። እጁ ሲከብድ አሮንና ሖር፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ሆነው የደገፉት። ይህን ታሪክ በልጅነቴ የነገረችኝ እናቴ ናት። ሦስት ዓመት ያልጸለየ አፌ ተከፈተ። የወጣው ረጅም ነገር አይደለም። ጴጥሮስ ሲሰጥም ያላት ብቻ ነች፤ "ጌታ ሆይ፥ አድነኝ።" ደጋግሜ እሷኑ። በመሃል፣ በሬን ዘግቼ የሸሸሁት የእናቴ መዝሙር በአፌ ሞላ። ቃሉን የማላውቀው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በበሩ ሥንጥቅ ሁሉም ገብቶ ተቀምጧል።

እየተቀያየርን ያዝናት። እሱ ሲይዝ እኔ እጸልያለሁ። እኔ ስይዝ እሱ የመጥለቂያ መብራቱን በየተወሰነ ጊዜ አብርቶ ያዞራል፤ ባትሪው እንዳያልቅ።

3 ሰዓት ገደማ መርከብ መጣ። ትልቅ የጭነት መርከብ፣ መብራቱ እንደ ከተማ። ጮኽን፣ መብራት አወዛወዝን። አለፈን። ከኋላው የሚነሣው ማዕበል ደርሶ ሲያንገላታን መብራቱ ራቀ፣ አነሰ፣ ጠፋ። ጓደኛዬ አለቀሰ። እኔ ማልቀስም አቃተኝ። "ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛል" የሚለው መዝሙር ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ውኃው አፍንጫዬ ሥር ነበር።

ግን እጃችን አልወረደም። እንዴት እንዳልወረደ አሁንም ይገርመኛል።

እዚህ ላይ ስለ ሳተላይቶቹ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በኋላ ሳነብ አስለቅሶኛል። ሥርዓቱ ኮስፓስ ሳርሳት ይባላል። የተወጠነው እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በፈረንሳይና በሶቪየት ኅብረት ስምምነት ነው። የመጀመሪያው ሳተላይት የተላከው በ1982 ነው። ሁለቱ ኃያላን አንዱ በሌላው ላይ ኑክሌር ደግነው በሚተያዩበት ዘመን፣ ለጠፋ ሰው ሲሆን ተስማሙ። እኔ ሳልታሰብ እግዚአብሔር መንገዱን ሲያሰናዳ ነበር። እነዚያን መሐንዲሶች አንዳቸውንም አላውቅም፤ ግን ስም ሳልጠራ አመሰግናለሁ። ለዚያች ሌሊት ተረኞችም፣ ስልኩን ላነሡትም።

6 ሰዓት ሊሞላ ሲል መብራት በስተኋላችን አየን። ያው መርከብ ነው። ዞሮ መጥቷል፤ በዝግታ፣ ባሕሩን በትልቅ መብራት እየጠረገ። የብርሃኑ ጫፍ ነካን፣ አለፈን፣ ተመለሰ፣ በላያችን ቆመ። ዓይኔ ታወረ። ትንሽ ጀልባ ወረደች። አንድ እጅ የጃኬቴን ማሰሪያ ጨብጦ እንደ ዕቃ ጎተተኝ። መሣሪያዋ ከእጄ አልላቀቅ አለች፤ መርከበኛው ጣቶቼን አንድ በአንድ ነው የፈታቸው። አሁንም ብልጭ ትል ነበር።

መርከቡ በአጋጣሚ ያለፈ አልነበረም። የነፍስ አድን ማዕከሉ በአካባቢው ካሉ መርከቦች ጠርቶ ያዞረው ነው። ባሕር ላይ ያለ መርከብ እንዲህ ሲጠራ መርዳት ግዴታው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ያጣን ጅረቱ እየነዳን ስለነበር ነው። መሣሪያዋ አዲሱን ቦታችንን ላከች፤ ማዕከሉ ነገረው፤ ተመለሰ። ትቶን ሄደ ብዬ የተሳደብኩበት መርከብ እኛኑ ፈልጎ የመጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ውኃ አልነካሁም። አሁን እገባለሁ። መሣሪያዋም አለች፤ ሌላም ጨምሬአለሁ። ይህኛው በአቅራቢያ ላሉ መርከቦችና ለራሳችን ጀልባ በቀጥታ የሚልክ ነው፤ በካርታቸው ላይ ምልክት ሆነህ ትታያለህ። አንቴናው ውኃው ላይ ዝቅ ብሎ ስለሚቆም ርቀቱ ውስን ነው። ሳተላይቷ ሩቅ ላለው፣ ይህኛው ለቅርቡ። አቅም ያለው ሁለቱንም ይያዝ። የሌለውም ቢያንስ የያዛትን ያስመዝግብ፤ የባትሪውንም ማብቂያ ቀን ይይ።

ወንድሜስ? እናንተም ትጠይቃላችሁ። እኔም እጠይቃለሁ። መልስ አልተሰጠኝም። ግን አሁን የምጠይቀው ተኳርፌ አይደለም።

በመርከቡ ላይ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ስልክ ሰጡኝ። እህቴ አነሣች። መጀመሪያ ስትጮኽ ነው የሰማሁት። ከዚያ እየተርበተበተች ነገረችኝ። ስልኳ የጮኸው 12 ሰዓት ከ35 ላይ ነው። "መሣሪያው የወንድምሽ ነው? አሁን ባሕር ላይ ነው?" ብለው ጠየቋት። አዎ አለቻቸው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እናታችንና እሷ ተንበርክከው ነበር።

12 ሰዓት ከ35። እኔ ወደ ሰማይ የጮኽኩት 2 ሰዓት አልፎ ነው። በኢሳይያስ "ሳይጠሩኝ እመልስላቸዋለሁ፥ ገናም ሲናገሩ እሰማለሁ" ይላል። እኔ አልሰማህም ብዬ ስከስሰው ስሜ ተጠርቶ፣ መርከብ ዞሮ፣ እናቴ ተንበርክካ ነበር።

"እማዬን ስጪኝ" አልኳት።

ስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ብቻ ሰማሁ። ከዚያ ድምጿ መጣ፤ ዘምራ ዘምራ ጎርንኗል።

"ልጄ፣ በርዶሃል?"

"በርዶኛል እማዬ" አልኳት።