የመንዝ በግ ላት

ሠዓሊ ነኝ። የምሠራው ረቂቅ ሥዕል ነው። ሸራዬ ላይ ሰው፣ ቤት ወይም ዛፍ አይገኝም፤ ቀለምና መስመር ብቻ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ የምኖረውም እዚያው ነው። በረቂቅ ሥዕል ብቻ ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፈልም። ስለዚህ ለመጻሕፍትና ለማስተማሪያ ጽሑፎች ሥዕል እሠራለሁ። የልጆች ተረት፣ የክትባት ፖስተር፣ የግብርና መመሪያ፣ የመጣውን ሁሉ።

ለብዙ ዓመታት ሁለቱን ሥራዎች ለያይቼ ነበር የምይዛቸው። ሸራው የኔ፣ መመሪያው የደንበኛ። ለአንድ ሸራ ወራት እሰጣለሁ። ለመመሪያ ሥዕል አንድ ምሽት ይበቃል ብዬ አምን ነበር።

በእኛ አገር ሠዓሊ ነኝ ካልሽ ወዲያው የሚነሣው የአፈወርቅ ተክሌ ስም ነው። አንኮበር የተወለደ የእኛው ልጅ ነው፤ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የ150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕሉም ያኮራናል። የኔ ልብ ግን ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጋ ነበር። ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ፣ በ1962 እ.ኤ.አ. አገሩ ገባ። በዓመቱ አዲስ አበባ ላይ ያሳያቸው ረቂቅ ሥዕሎች ለብዙ ተመልካች እንግዳ ነበሩ። ተማሪ ሳለሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የተሰየመው ሙዚየም እየሄድኩ ሥራዎቹ ፊት ለረጅም ጊዜ እቆም ነበር። ከእሱ የወሰድኩት ነጻነት ነው። ግን ነጻነቱን አንድ ነገር በደንብ ከማየት ግዴታ መገላገል አድርጌ ተረድቼው ኖሯል። ይህን ያወቅሁት በበግ ምክንያት ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት በግ ለሚያረቡ የመንዝ ገበሬዎች መመሪያ አዘጋጀ። 24 ሥዕሎች እንድሠራ ተዋዋልን። ጽሑፉ የሚለው ነገር ግልጽ ነው። ከአገሩ መንጋ ጥሩ ጥሩውን አውራ በግ ምረጡ፣ በጋራ ተጠቀሙበት፣ ደካማውን ቶሎ አስወጡ ነው። ስልኬ ላይ ከአንድ የእርባታ ጣቢያ ያነሣሁት የበግ ፎቶ ነበረኝ። እሱን እያየሁ ሠራሁ። በሳምንት ጨረስኩ። ቀለሙ ያምራል፣ መስመሩ ንጹሕ ነው። መሥሪያ ቤቱም ወደደው።

ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ለገበሬዎች እናሳይ ተባለ። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያና እኔ በጣርማ በር ታጥፈን፣ በሞላሌ አድርገን መሐል ሜዳ ደረስን። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው እንኳ ብርዱን ያከብረዋል። በማግሥቱ ጠዋት ከከተማው ወጣ ካለ ቦታ አሥር የሚሆኑ በግ አርቢዎች ተሰበሰቡ። ገጽ በገጽ እየገለጥን አሳየናቸው። 9ኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና የለበሱ ሽማግሌ ወረቀቱን ተቀበሉኝና ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ልጄ፣ ይኼ የየት አገር በግ ነው?»

«የመንዝ ነው አባቴ።»

«አይደለም። ይኼማ ዲቃላ ነው። ላቱን አላየሽውም?»

ድንግጥ አልኩ። እኔ ጅራት ብዬ ነበር የሣልኩት። እሳቸው ከጉሮኖው አንድ በግ አስወጥተው ጀርባውን ወደኔ አዞሩልኝ። የመንዝ በግ ላት አጭር ነው። ሥሩ ላይ ይሰፋል፣ ወደ ጫፉ ይጠባል፣ ከዚያ ጫፉ ወደ ላይ ይቆለመማል። የኔ ሥዕል ላይ ያለው ሰፊ ሆኖ እስከ ቋንጃው ይንጠለጠላል። እንዲህ ያለው ላት የአዋሲ ነው።

ይህ ትንሽ ስሕተት ሊመስል ይችላል። አይደለም። አዋሲ ከእስራኤል የመጣ ዝርያ ነው፤ እንዲገዝፍ ተብሎ ከመንዝ በግ ጋር ሲዳቀል ቆይቷል። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፣ ግን ብርዱንና የመኖ እጥረቱን ይችላል። መመሪያው የተጻፈው ገበሬው ከዚሁ ከራሱ በግ እንዲመርጥ ነው። ጽሑፉ የአገሩን በግ ይላል፣ ሥዕሉ ዲቃላውን ያሳያል። ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ የሚከተለው ሥዕሉን ነው። ያ ገጽ ቢታተም ኖሮ ያሳሳተው ጸሐፊው ሳይሆን እኔ ነበርኩ።

ባለሙያው ማተሚያ ቤት ደወለ። ደግነቱ የማተሚያው ፕሌት ገና አልወጣም። እሱ ተመለሰ፣ እኔ ሦስት ቀን ቀረሁ።

እነዚያን ሦስት ቀናት አልረሳቸውም። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይኖራል። ጣቴ ደንዝዞ እርሳሱን አልይዝ ይለኛል። የሽማግሌው ባለቤት እሳት ዳር እያስቀመጡ ትኩስ ቆሎ ያስጨብጡኛል፤ ስሞቅ እወጣለሁ። በጎቹ ሲወጡ እሥላለሁ፣ ሲገቡ እሥላለሁ። ልጆች፣ እረኞች፣ አዋቂዎች ከትከሻዬ በላይ እያዩ ያርሙኛል። ለሴቷ ቀንድ ሰጥቻት ነበር፤ የመንዝ ሴት በግ አብዛኛውን ጊዜ ቀንድ የላትም። ጆሮውም ልክ አልነበረም። እንዲህ ያለ የሥዕል ክፍል ገብቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን ጉም ወረደ። አሥር እርምጃ ርቆ ያለ ነገር አይታይም። ሥራ ቀረ ብዬ ደብተሬን ዘጋሁ። ሽማግሌው ግን በጎቻቸውን እየቆጠሩ ነበር።

«እንዴት ይለዩዋቸዋል?» አልኳቸው።

«ጉም ሲሆን ፊቱ ምን ይታያል? ከኋላ ነው እንጂ።»

ይህን ብለው በዱላቸው መሬቱን ጫሩ። አንድ መስመር ብቻ ነው። ከላይ ወፈር ብሎ ይወርዳል፣ ይጠባል፣ ይቆለመማል። እግር የለው፣ ራስ የለው። ግን በግ ነው፤ የመንዝ በግ ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም።

እዚያ መስመር ላይ ዓይኔ ተተክሎ ቀረ። ስንት ዓመት ሸራ ላይ እንዲህ ያለ መስመር ስፈልግ ኖሬያለሁ። ከብሩሹ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ያገኙት ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበግ ኋላ በመሄድ ነው።

ደብረ ብርሃን ተመልሼ የተሳሳቱትን 11 ሥዕሎች እንደገና ሠራሁ። ለትርፍ ሥራው ክፍያ አልጠየቅሁም፤ ስሕተቱ የኔ ነው። ከዚያ አዲስ ሸራ ወጠርኩ። ቱቦ ቀለሞቼን አብዛኞቹን ወደ ጎን አደረግኋቸው። የባናውን ጥቁር፣ ቡናማና ድፍርስ ነጭ ብቻ ይዤ ጀመርኩ። አራት ወር ፈጀብኝ። በግ አይታይበትም። ግን እያንዳንዱን መስመር ከየት እንዳመጣሁት አውቃለሁ፤ ቀድሞ ይህን ማለት አልችልም ነበር። አሁን መመሪያም ይሁን ሸራ፣ ከመጀመሬ በፊት የማደርገው አንድ ነው፤ ሄጄ አያለሁ።

መመሪያው ሲታተም ይዤ መሐል ሜዳ ሄድኩ። የሸራውንም ፎቶ በስልኬ ይዤ ነበር፤ ለእሳቸው ላሳያቸው አስቤ። ሽማግሌው መጀመሪያ መመሪያውን ተቀበሉኝ። 9ኛውን ገጽ ፈልገው አገኙ። በሌባ ጣታቸው ከላቱ ሥር ጀምረው እስከ ተቆለመመው ጫፍ ድረስ ቀስ ብለው ተከተሉት። ከዚያ መመሪያውን አጥፈው ባናቸው ሥር ሸጎጡትና «ነይ ግቢ፣ ብርድ ነው» አሉኝ።