ሰርተፊኬቱ የሚጀምረው ከማሳው ነው

በቆቦና በጊራና ሸለቆ በመስኖ የሚያለሙ አርሶ አደሮች ስለ ውጭ ገበያ ሲያነሱ፣ አስቀድመው የሚጠይቁት የዕጽዋት ጤና ሰርተፊኬት የት እንደሚወጣ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ የኳራንቲን (የተባይና የበሽታ ቁጥጥር) ባለሙያው የሚፈርመው ወረቀት በማሳው ላይ የተሠራውን የሚመሰክር እንጂ ያልተሠራውን የሚተካ ስላልሆነ፣ ዝግጅቱ ችግኝ ሳይተከል መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ቃሪያን እንውሰድ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 14 ቀን 2019 ጀምሮ ከአናናስ፣ ከኮኮናት፣ ከዱሪያን፣ ከሙዝና ከቴምር በቀር ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ያለዚህ ሰርተፊኬት አያስገባም። ለቃሪያ ደግሞ ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ ከተባለው የእሳት እራት ነፃ ስለመሆኑ በሰርተፊኬቱ ላይ ተጨማሪ መግለጫ እንዲሰፍር ይጠይቃል። የዚህ ተባይ ትል ወደ ፍሬው የሚገባበት ቀዳዳ እጅግ ትንሽ በመሆኑ በቀላሉ ከዐይን ያመልጣል፤ ፍሬው ሲሰነጠቅ ግን የተበላ ዘርና የትሉ ኩስ ይታያል። ስለዚህ በለቀማው ዕለት ጥቂት ፍሬ አገላብጦ ማየት አይበቃም። ወንዱን የእሳት እራት በጠረን የሚስብ ወጥመድ ሰቅሎ የተያዘውን በየጊዜው መመዝገብ፣ ከየመደቡ ናሙና ወስዶ መሰንጠቅ፣ የተበሳውንና የወደቀውን ፍሬ ለቅሞ ከማሳው ማስወገድ ያስፈልጋል። መርማሪው ሲመጣ የሚያምነው ይህንን መዝገብ ነው።

ብዙዎች የሚያምታቱት ሌላ ጉዳይ አለ። ሰርተፊኬቱ የሚናገረው ስለ ተባይና ስለ በሽታ ብቻ ሲሆን፣ የኬሚካል ቅሪት በምግብ ደኅንነት ሕግ ለብቻው ይመረመራል። ትሉን ፈርቶ ለቀማው ሲቃረብ የሚረጭ ገበሬ አንዱን ፈተና አልፎ በሌላው ይወድቃል፤ በአውሮፓ የተለየ ጣሪያ ላልተቀመጠለት ኬሚካል የሚፈቀደው ቅሪት በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ብቻ ነውና። በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን፣ ከርጭት እስከ ለቀማ ያለውን የመጠበቂያ ጊዜ ማክበር ግድ ነው።

መስፈርቱን የሚወስነው ተቀባዩ አገር በመሆኑ፣ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ሽንኩርት ወደ አውሮፓ ከሚሄደው ጋር በአንድ ዐይን አይታይም። የወሎ ደጋ ድንች ምንም ያህል ቢያምር የአውሮፓ ኅብረት ከአገራችን ስለማይቀበለው፣ በዚያ በኩል ባይደከም ይሻላል።

ምርቱ የሚደረደርበት ርብራብ (ፓሌት) ይታሰብበት፦ የእንጨት ከሆነ እስከ እምብርቱ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ የታከመ ወይም በሌላ ተቀባይነት ባለው ዘዴ የተሠራና ማኅተም ያረፈበት መሆን ስላለበት፣ ማኅተሙን ቃሪያው ከመጫኑ በፊት ማየት ያስፈልጋል።