የፓፑ አፍንጫ

ዛሬም አልበሳሁትም። በሬዲዮ የማበረው ሞዴል አውሮፕላኔ፣ ሶፕዊዝ ፓፑ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተጋደመ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ከጎኑ ሁለት ሞተሮች ተቀምጠዋል። አንዱ 20 ሲሲ ባለ አራት ምት ግሎው፣ ማለትም በሜታኖል (የአልኮል ዓይነት) የሚሠራ ሞተር ነው፤ ሌላው 26 ሲሲ የቤንዚን ሞተር። የብሎን ቀዳዳቸው አይገጥምም። ሞተሩ የሚታሰርበትን የፊት ግድግዳ ለአንዱ ከበሳሁ በኋላ ሀሳቤን ልቀይር ብል እንጨቱ ወንፊት ይሆንብኛል። እናም መሰርሰሪያውን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ።

ትልቁ ፓፕ በ1916 ግንባር የወጣ የእንግሊዞች ድርብ ክንፍ ተዋጊ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ሜትር ያህል ነበር። የኔው ሩብ ነው፤ 2 ሜትር። ለሞዴል ትልቅ የሚባል ነው፤ ግን ቤንዚን የግድ የሚልበት መጠን ላይ አልደረሰም። ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው። 50 ሲሲ የሚፈልግ ቢሆን ኖሮ ማን ይጨነቃል? ቤንዚን ነው፣ አለቀ። ትንሽ ቢሆንም እንደዚያው ግሎው ነበር። ይሄ መሀል ላይ ሆኖ አስቸገረኝ።

አልዋሽም፣ ልቤ ያለው ግሎው ላይ ነው። መብረርን የለመድኩት በሱ ነው። የማቀጣጠያ ሳጥን የለው፣ ኮይል የለው። ካንዴላው ውስጥ ያለችው ቀጭን የፕላቲኒየም ሽቦ በ1.5 ቮልት ትግላለች፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ባትሪው ይነቀላል። ከዚያ በኋላ ቃጠሎው ራሱና ሜታኖሉ ከፕላቲኒየሙ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ሙቀት ሽቦዋን እንደጋለች ያቆያታል። ይህን ያህል ዓመት ተጠቅሜበት አሁንም ይገርመኛል።

ደግሞ ሽታው! የዱሮው ፓፕ ሞተር ሲሊንደሮቹ ከፕሮፔለሩ ጋር አብረው የሚዞሩ ነበሩ። ማለስለሻው የጉሎ ዘይት ነው፤ ተመልሶ አይጠራቀምም፣ ከጭሱ ጋር ወጥቶ አብራሪው ላይ ይረጫል። የኔ የግሎው ነዳጅ ውስጥም የጉሎ ዘይት አለ። ስለዚህ ለፓፕ የሚገባው ግሎው ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ትናንት ማታ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ያ ሞተር የሚያቃጥለው እኮ ቤንዚን ነው።

ወደ ሂሳቡ ልምጣ። ሜታኖል በኪሎ የሚሰጠው ኃይል የቤንዚንን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ለዚያው መጠን አየርም ከእጥፍ በላይ ነዳጅ ይፈልጋል። ባጭሩ ግሎው ጠጪ ነው። በዚያ ላይ ከነዳጁ 15 እስከ 20 በመቶው ዘይት ነው። ይህ ዘይት አብዛኛው አይቃጠልም፤ በማርሚታው ወጥቶ ክንፉ ላይ፣ ጭራው ላይ፣ የክንፍ ማሰሪያ ገመዶቹ ላይ ይለጠፋል። በነጠላ ክንፍ ሲሆን በጨርቅ ጠረግ አድርጎ መሄድ ነው። ድርብ ክንፍ ከነምሰሶውና ከነገመዱ መጥረግ ግን ሌላ ሥራ ነው። አውሮፕላኑ የተሠራበት ቀላል የባልሳ እንጨት ውስጥ ከገባ ደግሞ አይወጣም፤ ማጣበቂያም አይዘውም። ቤንዚኑ ውስጥ የምጨምረው ዘይት ከ32 አንድ፣ አንዳንዴም ከ40 አንድ ነው። ሦስት በመቶ ቢሆን ነው።

እሳቱንም አልረሳሁትም። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ግሎው ሳስነሳ የፈሰሰው ነዳጅ ተያያዘ። ምንም አልታየኝም። የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም። የእጄ ፀጉር ሲሸት ነው የነቃሁት። ቤንዚን አደገኛ አይደለም ማለቴ አይደለም፣ ቢያንስ ሲነድ ይታያል።

የቤንዚኑም ጉድ አያልቅም። ባለፈው አውሮፕላኔ ላይ አንድ ሲሊንደር ያለው ነበር የገጠምኩት። ንዝረቱ የካርቡራተሩን ብሎን ፈታው፣ ሞተሩ አየር ላይ ጠፋ፣ እኔም ሳር ውስጥ አሳረፍኩት። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ብሎኑ ላይ የማጣበቂያ ጠብታ ማድረግ ነበረብኝ። ማቀጣጠያው ደግሞ ሬዲዮ ይረብሻል። ስለዚህ ከሬዲዮ መቀበያው (ሪሲቨሩ) ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ባትሪውም ለብቻው ነው፣ የጋዝ መሳቢያው ዘንግም ብረት ባይሆን ይመረጣል።

አንድ ነገር ግን በጣም ወድጄለታለሁ። ካርቡራተሩ የራሱ ትንሽ ፓምፕ አለው፤ በሞተሩ ሆድ ግፊት የሚንቀጠቀጥ ስስ ሽፋን (ዲያፍራም) ነው። ነዳጅ ከሩቅ ይስባል። የኔ ግሎው ፓምፕ ስለሌለው ሰልባትዮው ከጀርባው ተለጥፎ፣ ከካርቡራተሩ እኩል ከፍታ ላይ ካልተቀመጠ ያስቸግራል። በቤንዚኑ ግን ሰልባትዮውን ክንፉ ሥር፣ ሚዛኑ ላይ ላስቀምጠው እችላለሁ። ነዳጁ ሲያልቅ አፍንጫው አይቀልም።

አፍንጫ ስል፣ ነገሩን የቆረጠልኝ እሱ ነው። ፓፕ አፍንጫው አጭር ነው። ትልቁ ላይ ከባድ ሞተር ተቀምጦበት ሚዛኑን ይጠብቃል። ሞዴሉ ላይ ጭራው ይመዝናል። ዛሬ ከሰዓት ሁለቱንም ሞተሮች በተራ በፕላስተር ፊቱ ላይ አስሬ መዘንኩ። በግሎው 500 ግራም እርሳስ ከፊት መጨመር ነበረብኝ። ግማሽ ኪሎ የሞተ ብረት! በቤንዚኑ፣ ማቀጣጠያውና ባትሪው ከፊት ሆነው፣ 80 ግራም በቃኝ። ሁልጊዜ "ይከብዳል" እያልኩ የማማው ሞተር ክብደቱ ለዚህ አውሮፕላን በነፃ ሆነ ማለት ነው። የሚያንቀጠቅጥ ክብደት ቢሆንም ከማይሠራ እርሳስ ይሻላል።

ግሎውን በማለስለሻ ዘይት አርሼ በጨርቅ ጠቀለልኩት። ሜታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እንዲሁ ቢቀመጥ ኩሽኔታው ይዝጋል። ሚኒሞ ላይ ሲሆን የሚያሰማው ዱክ ዱክ ይናፍቀኛል፣ ይሄ ግልጽ ነው።

መሰርሰሪያውን አንስቼ ልጀምር ስል ሰልባትዮውን አየሁት። ባለፈው ወር ግሎው ነው ብዬ በሲሊኮን ቱቦ ጨርሼዋለሁ። ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል። የጎማ ክዳኑም የቤንዚን አይደለም። ነገ እሱን ፈትቼ ለቤንዚን የሚሆን ቱቦ እስካስገባ ድረስ ግድግዳው ሳይበሳ ያድራል።